ያስቆፈረ ይደፍናል

ጥር 6

ከመሥሪያ ቤት ፎርም ሙሉ ተባልን። ስም፣ ዕድሜ፣ የአገልግሎት ዘመን… ከታች «የሥራ ዝርዝር» የሚል ትልቅ ሳጥን አለ። «እሰማለሁ» ብዬ ጽፌ ሰጠሁ። አለቃ መለሰው።

«ዳኛ ነህ እንዴ የምትሰማው? ዘርዝረው!»

ዘረዘርኩለት። «የብረት ዘንግ ቧንቧ ላይ አሳርፌ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ መሬት ውስጥ ውሃ የሚያፈስበትን ቦታ እለያለሁ። አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ቆፋሪ ይቆፍራል።» ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁት ሥራ አራት መስመር አልሞላም።

ከሰዓት ዳቦ ቤቱ ማዕዘን ላይ አንድ አገኘሁ። ዶማ (ቆፋሪያችን ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ የለም) ሜትር ሳይቆፍር ውሃው ፊቱ ላይ ፈነጠቀ። «ጋሼ ጆሮ፣ ሻወር ነው እንዴ ያስከፈትከኝ?» አለኝ። ሳቅን። ጥሩ ቀን ነበር።

ፎርሙ ግን ለምን አስፈለገ?

ጥር 12

እሑድ። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ቤት ሄድኩ። ስልሳ አራት ደረጃ። እኔን እንዲህ ካስለከለከኝ እሷን በዚያ ጉልበቷ ምን ያደርጋታል?

የላይኛው ሰፈር ውሃ የሚያገኘው ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ እሱም ሊነጋጋ ሲል፣ ለሰዓት ተኩል። ያመለጠው ጀሪካን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ኮሪደሯ ላይ አሥራ አንድ ጀሪካን ተሰልፏል፣ በየቁመታቸው። ትልቁን «አለቃ» ትለዋለች።

«ጎረቤቶቼ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? ወንድምሽ የውሃ መሥሪያ ቤት ሰው ሆኖ አንቺ ውሃ ትቀጂያለሽ ይሉኛል።»

«ምን ብለሽ መለስሽላቸው?»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አልኳቸዋ!»

ሻይዬ ትን አለኝ። ስወርድ ግን በየደረጃው አሰብኩት። እውነቷን ነው።

ጥር 14

የፎርሙ ነገር ታወቀ። ስብሰባ ተጠራን። አንዲት ወጣት ኢንጂነር መጥታለች፤ ቀጭን፣ ትልቅ ቦርሳ፣ የቢሮ ጫማ። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ጠርሙስ የሚያህል ነገር አስቀመጠች። ሴንሰር ነው። በየቫልቩ ላይ ይገጠማል። ከተማው ጸጥ ሲል ቧንቧውን ያዳምጥና የሰማውን በስልክ ኔትወርክ ወደ ቢሮ ይልካል።

ዶማ እጁን አወጣ። «በስልክ ከላከ ቁጥር አለው ማለት ነው?»

«አዎ፣ እያንዳንዱ የራሱ ሲም ካርድ አለው።»

«ቧንቧም ሲም ካርድ አወጣ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች።

ሁለት ሴንሰር አንድን ድምፅ እኩል አይሰሙትም አለች። ቅርብ ያለው ቀድሞ ይሰማል። በመካከላቸው ያለውን የቧንቧ ርዝመት ካወቅን፣ ከልዩነቱ ተነስቶ ማሽኑ ቦታውን ያሰላል። ገባኝ። ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር።

አለቃ ቀጠለ። ወደ ላይኛው ሰፈር የሚሄደው ውሃ ሲሦው መንገድ ላይ ይጠፋል። ያ ከተገኘ ሰፈሩ በየቀኑ ውሃ ያገኛል። ሙከራው እስከ የካቲት 20 ነው። ከተሳካ የከተማው መስመር ሁሉ ይገጠምለታል። ካልተሳካ ዕቃው ይመለሳል። «ከተሳካ የአዳማጭ ክፍል ይታጠፋል» አለ፣ እኔን ሳያይ። ክፍሉ እኮ እኔ ነኝ! ወደ መጋዘን ነው የምዛወረው። ጡረታ እስክወጣ ስድስት ዓመት ቁልፍና ቡሎን መደርደር…

ለባለቤቴ ነገርኳት። «መጋዘን ጥላ አለው» አለችኝ። ሴትዮዋ ለሁሉም መልስ አላት።

ጥር 21

ሳምንቱን ከኢንጂነሯ ጋር ስንገጥም ከረምን። እኔ የማንሆል ክዳን እከፍታለሁ፣ እሷ ትወርዳለች። አትጸየፍም። ስትጠይቅ ደግሞ የምሯን ነው። «ጋሼ፣ አሮጌ የብረት ቧንቧና ፕላስቲክ ሲያፈስ ድምፁ ይለያያል?» የብረቱ ያፏጫል፣ የፕላስቲኩ ያጉረመርማል አልኳት። ጻፈችው። እኔ ያልኩትን ሰው ሲጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

በሦስት ቀን ሦስት የሚያፈስ ቦታ አገኘች። በሦስት ቀን! ሦስቱንም እኔ በዘንጌ አልፌባቸዋለሁ።

እውነቱን ልናገር… ቀናሁ። እንደ ልጅ ቀናሁ።

ጥር 28

የላይኛው ሰፈር መስመር ተያዘ። ስክሪኑ በትምህርት ቤቱ ማዕዘን ካለው ቫልቭና ከልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት ካለው ቫልቭ መካከል የሚያፈስ ነገር አለ አለ። ትልቅ ነው። ኢንጂነሯ ልብስ ሰፊው ደጃፍ ላይ ራሷ በጠመኔ አከበበች። እኔ ጠመኔዬን ኪሴ ውስጥ ይዤ ቆምኩ።

ዶማ ቆፈረ። ሁለት ሜትር። ቧንቧ እንኳ የለም። አፈሩ ደረቅ፣ ዱቄት።

ደረቅ ጉድጓድ።

በኛ ዘንድ ለዚህ ደንብ አለው፤ የትም አልተጻፈም። ደረቅ ጉድጓድ ያስቆፈረ ራሱ ይደፍናል። ማንም አያግዝም። እስኪጨርስ ማንም አያናግረውም። እኔም በጀማሪነቴ ዘጠኝ ደፍኛለሁ። ትምህርት ቤቴ እሱ ነበር።

ለሷ ማንም አልነገራትም። ዶማ ከጉድጓዱ ወጥቶ አካፋውን አቀበላት። እኛን አየች። ሁላችንም ሌላ ሌላ ቦታ እናያለን። ከዚያ ገባት። ጃኬቷን አውልቃ አጥሩ ላይ ሰቀለችና፣ በዚያ የቢሮ ጫማ ደፈነችው። አንድ ሰዓት ፈጀባት።

ውስጤ ትንሽ ደስ ብሎት ነበር። ለራሴ ነው የምጽፈው፤ ምን እደብቃለሁ?

የካቲት 5

ሁለተኛው ጉድጓድ። ስሌቱን እንደገና ሠርታ ምልክቱን በመንገዱ አሥር ሜትር ወደ ታች አወረደችው። ደረቅ።

ልብስ ሰፊው ወጥቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ «ደጄን የመቃብር ቦታ አደረጋችሁት እኮ! ደንበኛዬ ለልክ መጥቶ የሬሳ ሣጥን መሰለው» አለ። ሠራተኛው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። መዳፏ ውሃ ቋጥሯል፤ አካፋውን በጨርቅ ነው የያዘችው።

ዶማ በጎን መጥቶ፣ «ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። ጋሼ ጆሮ ይሻላል እያለ ነው አለቃ» አለኝ።

ዛሬ ያ ደስታ አልመጣም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የካቲት 7

አለቃ፣ «እስቲ አንተ ሂድና ስማው» ብሎ አዞኝ ነበር። ማልጄ፣ መኪና ሳይበዛ ሄድኩ። ዘንጌን ከታችኛው ቫልቭ ጀምሬ በየአምስት ሜትሩ አሳረፍኩ። ቀኝ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

ምንም።

ግራዬን ለጠፍኩ። ምንም። ዘንጉን ጠረግሁት። ጆሮዬን ጠረግሁት። እንደገና… ዝም ያለ መሬት።

ትልቅ ነው ብላለች። ትልቅ ከሆነ እንዴት አልሰማሁም? ወይ የለም። ወይ ደግሞ…

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የዳቦ ቤቱን ማዕዘን ሰምቼ ነው ያገኘሁት? ወይስ አስፋልቱ ረጠብ ብሎ አይቼ? ከዚያ በፊት የነበረውንስ? ባለቤቴ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትቀንሳለች፣ እኔ እጨምራለሁ። «ጎረቤቱ ዜና የሚሰማው ከኛ ቤት ነው» ስትለኝ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ለአለቃ፣ «ምንም የለም» አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ብያለሁ! ጆሮ ከማሽን ይበልጣል።»

መንገዱ ላይ ስንት ሰው «ጋሼ ጆሮ» ብሎ ሰላም አለኝ! ቅጽል ስሜ እንደ ዛሬ ከብዶኝ አያውቅም።

የካቲት 8

ኢንጂነሯ ቢሮ ጠራችኝ። አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ ምንም የለም ብለዋል አሉ። እስቲ ይህን ይስሙልኝ» ብላ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። አንድ ቁልፍ ነካች።

ሽሽሽሽሽ… ከሥሩ ደግሞ ቀጭን ፉጨት። ብረት። አሮጌ ብረት፣ ስንጥቅ፣ ትልቅ። እንደ ወጣትነቴ ሰማሁት! ዓይኔን ጨፈንኩ። ከስንት ዓመት በኋላ ነው? እንባዬ መጣ፤ አቧራ ነው ብዬ ጠረግሁት። ቢሮ ውስጥ የምን አቧራ?

«አለ አይደል?» አለች።

«አለ» አልኩ። ምን ልበል? አለ።

«ድምፁ እርግጠኛ ነው። ቦታው ነው የሚያሳብደኝ። ሁለቱም ሴንሰር ደህና ናቸው፣ ፈትሻቸዋለሁ። ርዝመቱ ልክ እስከሆነ ድረስ…» ብላ ስክሪኑን አዞረችልኝ። ካርታው ላይ መስመሩ ከቫልቭ ቫልቭ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መቶ ሰማንያ ሜትር።

በማስመሪያ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። የጄ ጽሕፈት እዚያው አለ፤ አሮጌው ወረቀት እንዳለ ነው ወደ ኮምፒውተር የገባው።

«ልክ ነው?» አለችኝ። «ካርታው ያለው ነው» ብዬ ወጣሁ።

የካቲት 9

ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔና ሟቹ ጓደኛዬ ያንን መስመር ስንዘረጋ ዝናብ ያዘን። ቦዩ በውሃ ይሞላል፣ እንቀዳለን፣ ይሞላል። መሀል መንገድ ላይ የቤት ወለል የሚያህል ድንጋይ ገጠመን። በመዶሻ ብንለው፣ በድጅኖ ብንለው ወይ ፍንክች! ጓደኛዬ፣ «እንዙረው» አለ። በትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ አዙረን፣ ሁለት ቦታ ላይ የቧንቧ ማጠፊያ ጎሚቶ ገጥመን ቧንቧውን አጠፍነውና አሳለፍነው። ውሃው ደረሰ። ሰፈሩ እልል አለ።

የዚያን ጊዜው ፎርማን ግን ካርታውን ቀጥ አድርጌ እንድሠራው ነገረኝ። «ቀጥ ያለው ነው የተፈቀደው። በኋላ እናስተካክለዋለን።» በኋላ አልመጣም። ፎርማኑም ጓደኛዬም ዛሬ በሕይወት የሉም። የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

ማሽኑ መቶ ሰማንያ ሜትር ይመስለዋል። እውነቱ ግን አርባ ስድስት ሜትር ይበልጣል። እንዴት ልክ ይምጣ? በውሸት ካርታ ማን ልክ ያገኛል?

ዝም ካልኩ ሙከራው የካቲት 20 ይከሽፋል። ዕቃው ይመለሳል። ክፍሌ ይተርፋል። ማንም አይጠይቀኝም። ዝም ማለት ውሸት ነው እንዴ?

ከተናገርኩ ደግሞ… የሐሰት ካርታ የሠራ ሰው ይባላል። ደንቆሮም ነው። እሱን ማንም ባያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ።

የካቲት 12

ዛሬም አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው።

የካቲት 17

እሑድ። እትዬ ቤት። መኝታ ቤቷ ገባሁ፤ አልጋው ባዶ ነው። ጣውላው ብቻ።

«ፍራሽሽስ?»

«ኩሽና ነው።»

ሄጄ አየሁ። ፍራሿን ከእጅ መታጠቢያው ሥር አንጥፋለች። ቧንቧው ተከፍቷል፤ ከሥሩ የቆርቆሮ ሳፋ ተገልብጦ ተቀምጧል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ባለፈው ማክሰኞ ተኝቼ አመለጠኝ። እስከ ዓርብ ድረስ ከታች ተሸከምኩ። አሁን ከፍቼው እተኛለሁ፤ ውሃው ሲመጣ የመጀመሪያው ጠብታ ሳፋው ላይ ጧ! ሲል እነቃለሁ። አንተ ብቻ መሰልክ እንዴ ውሃ የምትሰማ?»

እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቴ ሲሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በጀርባዋ ተሸክማ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አሁን ወለል ላይ ተኝታ ጠብታ ታዳምጣለች። ውሃው የት እንዳለ የማውቀው እኔ ደግሞ አፌን ዘግቼ ሻይዋን እጠጣለሁ።

አንጀቴን በላችው። «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ። ራስ ምታት ነው አልኳት።

የካቲት 18

ልጻፈው። እጄ ቆስሏል፤ ብዕሩ ያመኛል።

ሦስተኛው ጉድጓድ ነበር። አለቃ ራሱ መጣ። «የመጨረሻው ነው፤ ይህም ከደረቀ ነገ ዕቃውን መልሱ ብዬ ደብዳቤ አወጣለሁ» አለ። ኢንጂነሯ ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል። ስሌቱን አምስት ጊዜ ሠርታዋለች አሉ። ከልብስ ሰፊው ሃያ አምስት ሜትር ወርዳ አከበበች።

መናገር ያለብኝ ያኔ ነበር፤ ሳይቆፈር። አፌን ከፈትኩ፣ አለቃ አየኝ፣ ዘጋሁ። ፈሪ!

ዶማ ቆፈረ። ሁለት ሜትር ሲደርስ ዶማው ጧ አለ። ድንጋይ። አወቅሁት፤ ያ ድንጋይ ነው። የኛ የመዶሻ ጭረት ሳይቀር አለ።

ዶማ ወጣ። አካፋውን ዘረጋላት። ያንን የተጠቀለለ መዳፏን አውጥታ ተቀበለችው። ማንም አይናገርም። ደንብ ነው። አንድ አካፋ ጨመረች። ሁለተኛውን ስታነሳ እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። አካፋውን ያዝኩ።

«ተይው።»

ዶማ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ደንቡ…»

«ደንቡን አውቃለሁ። ያስቆፈረ ይደፍናል። ይህ ጉድጓድ የኔ ነው።»

«እርስዎ መቼ አስቆፈሩ?» አለች።

«ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት።»

እየደፈንኩ ነገርኳቸው። ዝናቡን፣ ድንጋዩን፣ ጎሚቶውን፣ ማስመሪያውን። አላቆምኩም፤ ካቆምኩ የምጨርሰው አልመሰለኝም። ሌሎቹን ሁለት ጉድጓዶችም እኔ ነበርኩ መድፈን የነበረብኝ፤ አንቺ ቀደምሽኝ አልኳት። ጆሮዬም እንደማይሰማ ነገርኳቸው፤ ሁሉም ፊት፣ ልብስ ሰፊው ፊት ሳይቀር። አለቃ አንዴ ቀላ፣ አንዴ ጠቆረ። «ሁለት ሳምንት! ሁለት ሳምንት ሙሉ እያወቅህ!» አለ። ጮኸብኝ። ልክ ነው፤ የካቲት 8 ገባኝ፣ እስከ ዛሬ ዝም አልኩ። አሥር ቀን ነው ብዬ አላረምኩትም።

ስጨርስ ኢንጂነሯ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታብሌቷን ይዛ ነበር። «ትርፉ አርባ ስድስት ሜትር ነው አሉኝ?»

«አርባ ስድስት። ሁለት ጎሚቶ።»

ጻፈች። ትንሽ ጠበቀች። ተነሳችና በትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ዞረች። እኛም ተከተልናት። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የተከላት ትንሽ የጎመን መደብ ጋ ቆመች፤ ሰውየውም እዚያው ነበር።

ሰውየውን ተመለከትነው። በዚህ በበጋ፣ ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ፣ ጎመኑ ጃንጥላ ያህላል!

«መሬቱ ለም ነው» አለ ዘበኛው።

ዶማ ሳቁን መያዝ አቅቶት አጥሩን ተደገፈ። አለቃ እንኳ ፊቱን አዞረ።

የካቲት 19

ተገኘ። የሁለተኛው ጎሚቶ አንገቱ ተሰንጥቋል፤ እኔ ራሴ ያጠበቅሁት ነው። ውሃው ወደ አሮጌ የድንጋይ ቦይ ስለሚገባ ላይ አልወጣም። ዓመታት ፈሷል። ዘበኛው ለጎመኑ አለቀሰ፤ አጥሩን አልፎ ሌላ መደብ እንዲሰጠው ርዕሰ መምህሯ ቃል ገባችለት።

ስንጨርስ ኢንጂነሯን በጎን ይዣት ይቅርታ ጠየቅሁ። እጇን እያየሁ። «ስለ ጆሮዬም መጀመሪያ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።»

«እሱንማ በመጀመሪያው ሳምንት አውቄያለሁ» አለች። «በግራዎ ስጠራዎት አይዞሩም። ጋሽ ዶማም ያውቃሉ። ሌሎቹ ሠራተኞችም ያውቃሉ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። እኔ ስደብቅ የኖርኩት ለካ ከራሴ ነው። አንዳቸውም ለአለቃ አልተናገሩም። ይህ ነው የከበደኝ።

ከዚያ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ እንዲህ ካርታ ላይ የሌለ ሌላ ቦታ አለ?»

ሳቅሁ።

የካቲት 21

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ተገቢ ነው፤ ፈረምኩ። የአዳማጭ ክፍልም ታጥፏል። ሙከራው ተሳክቷል፤ ሴንሰሮቹ ለከተማው ሁሉ ታዘዋል።

ማታ ከቁም ሣጥኑ ላይ የጫማ ካርቶኗን አወረድኩ። የኪስ ደብተሮቼ አሉ፤ ሃያ ስድስት። የትኛው ቧንቧ የት እንደዞረ፣ የትኛው ቫልቭ አስፋልት ሥር እንደተቀበረ፣ በየጊዜው ለራሴ የጫርኩት ነው። ካርታ ላይ ያልወጣ ሠላሳ ሰባት ቦታ ቆጠርኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ፣ «እኔ እኮ የፍቅር ደብዳቤ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ስቃጠል!» አለች።

«ለምን ከፍተሽ አላየሽም?»

«እውነት ቢሆንስ?»

መጋቢት 3

ካርቶኗን ለኢንጂነሯ ካስረከብኩ ሳምንት አልፎኛል። መጋዘን አልገባሁም። አለቃ «ካርታው እስኪጠራ» ብሎ ከሷ ጋር መደበኝ፤ አሁንም ኩርፊያው አልለቀቀውም። በቀን ሁለት ሦስት ቦታ እንሄዳለን። እኔ «እዚህ ይታጠፋል» እላለሁ፣ እሷ ታብሌቷ ላይ ታጥፋለች። ያኔውኑ ቢሮ ያለው ካርታ ይታጠፋል። ሃያ ሁለት ዓመት ያልመጣው «በኋላ» በደቂቃ ሲመጣ ማየት ያስገርማል።

ዛሬ የጤና ጣቢያው መስመር ላይ ማሽኑ አንድ ቦታ ጠቆመ። ቀጥታ ተቆፈረ፣ ቀጥታ ተገኘ። ጥገናው ሳይጀመር ለሰፈሩ ነዋሪ ሁሉ በስልክ መልእክት ደርሶት ነበር፤ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ውሃ እንደሚቋረጥ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቀድማ በርሜሎቿን ሞልታ ጠበቀችን። «ስትመጡ ያልጮኽኩባችሁ የመጀመሪያ ቀን ነው» አለች። እውነት ነው። በፊት እኮ የምትቀበለን በስድብ ነበር።

ማዳመጫውን ተውሼ በየቀኑ አንድ ድምፅ እሰማለሁ። ሥራዬ አይደለም። ደስ ስለሚለኝ ነው።

መጋቢት 11

ረቡዕ። ቢሮ ሳለሁ እትዬ ደወለች። በቁጣ።

«ቤቴ ባሕር ሆነ! ና አሁኑኑ!»

ስልሳ አራቱን ደረጃ ሮጥኩት ብል ውሸት ነው፤ ግን ቶሎ ወጣሁ። እንደ ልማዷ ቧንቧውን ከፍታ፣ ቀኑ ረቡዕ ነው ብላ ተማምና ለገበያ ወርዳለች። ውሃው መጥቷል። ረቡዕ፣ በጠራራ ፀሐይ! ሳፋው እንደ ጀልባ ኩሽናው ላይ ይንሳፈፋል። ጀሪካኖቹ ኮሪደሩ ላይ ተንጋለዋል፤ «አለቃ» በሩ ጋ ደርሷል።

«በስልክሽ መልእክት አልመጣልሽም? ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ነው ይላል እኮ።»

«መጥቶልኛል። አነበብኩትና ሳቅሁበት።»

«ለምን?»

«በየቀኑ ይላላ! ማን ያምናል?»

ሱሪዬን ሰብስቤ ወለሉን ጠረግሁ። እሷ ጨርቁን እየጨመቀች በየመሀሉ ትሰድበኛለች፣ ትስቃለች፣ ደግሞ ዓይኗን በክንዷ ትጠርጋለች። ደጋግማ ቧንቧውን ትከፍታለች፤ ይመጣል። ትዘጋለች። ትከፍታለች፤ ይመጣል። አልከለከልኳትም።

ፍራሹ ከሥሩ ርሷል። ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ሲደርቅ ተሸክሜ መኝታ ቤት አስገባሁና አልጋዋ ላይ ዘረጋሁት። ከዚያ ሄዳ ቧንቧውን በራሷ እጅ አጥብቃ ዘጋችው። ሳፋውን አንስታ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

ኩሽና ውስጥ ቁጭ አልን። ሻይ አፈላች። በድንገት እጇን አነሳች።

«ዝም በል እስቲ… ይንጠባጠባል?»

ከልማድ የተነሳ ጆሮዬን ወደ ቧንቧው አስጠጋሁ። ቀኙን። ከዚያ ግራውን።

«ምንም አልሰማም» አልኳት።

እሷም ትንሽ አዳመጠች።

«እኔም» አለች፣ ሻይዋንም አነሳች።